ግብታዊነትና አስተዋይነት፦ ከቅዱስ ጴጥሮስ ሕይወት የምንማረው



ግብታዊነት ማለት ነገሩን ሳይመረምሩ፣ ውጤቱንም ሳይመዝኑ በስሜት ግፊት ብቻ መናገር ወይም ማድረግ ነው። ግብታዊ ሰው ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ልቡ ቅን፣ ፍቅሩም ትኩስ ነው። ሆኖም «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው መልካም አሳቡን በችኮላው ያበላሸዋል።

ለዚህ ከሐዋርያት መካከል ቅዱስ ጴጥሮስ ግልጽ ምሳሌ ነው። በውሃ ላይ ለመራመድ ከጀልባው ወረደ፤ ነፋሱን ባየ ጊዜ ግን ፈርቶ መስጠም ጀመረ (ማቴ. 14፥28-31)። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ሰይፍ መዝዞ የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ የማልኮስን ቀኝ ጆሮ ቆረጠ (ዮሐ. 18፥10)። በዚያችው ሌሊት ይኸው ሰይፍ መዛዥ በአንዲት አገልጋይ ጥያቄ ደንግጦ ጌታውን ካደ። እንግዲህ ግብታዊነትና ድፍረት አንድ አለመሆናቸውን ልብ እንበል፤ ግብታዊን ሰው ቁጣም ፍርሃትም እኩል ይነዱታልና።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተሰኘው ሥራው ችኩልነትን ከአስተዋይነት ተቃራኒዎች መካከል ይቆጥረዋል። እንደ እርሱ ትምህርት፣ ሰው ከአሳብ ወደ ተግባር ሲወርድ ደረጃ በደረጃ መውረድ ይገባዋል። ደረጃዎቹም ያለፈውን ማስታወስ፣ ያለውን መረዳት፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ማሰብ፣ ነገርን ከነገር ማመዛዘንና የሌሎችን ምክር መቀበል ናቸው። ችኩል ሰው ግን እነዚህን ደረጃዎች ዘሎ ይወርዳል።

እኔም ከዓመታት በፊት አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ዘግይቶ ስለ ደረሰ ምክንያቱን ሳልጠይቅ በልጆቹ ፊት ገሠጽኩት። ለካ የዘገየው የታመመች እናቱን ሐኪም ቤት አድርሶ ነበር። ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም በትሕትና ተቀበለኝ። ልጆቹ ግን የሰሙት ተግሣጼን እንጂ ይቅርታዬን አልነበረም። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ በእነርሱው ፊት ደግሜ ይቅርታ ጠየቅሁት። የዘለልኩት ደረጃ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ታዲያ ትኩስ ልብ ይጥፋ ማለታችን ነውን? አይደለም። ጴጥሮስ ከትንሣኤው በኋላም ጌታን ለማግኘት ራሱን ወደ ባሕር ጥሏል (ዮሐ. 21፥7)። በኢየሩሳሌም ጉባኤ ግን ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ተነሥቶ ተናገረ (ሐዋ. 15፥7)። ለመናገር ይቀድም የነበረው ሰው ማዳመጥን ተማረ፤ ፍቅሩ ሳይቀዘቅዝ መንገዱ ተስተካከለ።

ለውይይት፦
1. ከአምስቱ ደረጃዎች እኔ አዘውትሬ የምዘልለው የትኛውን ነው?
2. በችኮላ በተናገርኩት ቃል ያዘነ ሰው አለን? ይቅርታዬስ ቃሌ የተሰማበት ቦታ ሁሉ ደርሷልን?