በልደታ ግቢ በግ ለምትጀምር ልጄ

ልጄ፣ ግቢያችሁ ውስጥ በግ ልትይዝ ማሰብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ ወረዳውን ጠይቅ፤ ሲፈቀድልህ ደግሞ የሚከተለውን ልብ በል።

1. ማርባቱን ለጊዜው ተወውና አድልብ። እናት በግ አምስት ወር ታረግዛለች፤ ግልገሏም ለገበያ እስኪደርስ ብዙ ትጠብቃለህ። ይህ ግጦሽ ላለው ለመንዝ ገበሬ ያዋጣል። ልደታ ግን ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ናት፤ በጉ የሚበላውን ሁሉ የምትገዛው በብር ነው። ሁለት ሦስት ወንድ በግ ገዝተህ ሦስት ወር ቀልብና ሽጥ።

2. መግዣህን ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠር። ለገና ከሆነ መስከረም 29 ቢገቡ እስከ ታኅሣሥ 29 ድፍን 90 ቀን አለህ፤ የእንቁጣጣሽና የመስቀል ግርግርም አልፏል። ለፋሲካ ከሆነ የሁዳዴ 55 ቀን ብቻውን አይበቃህም፤ ጾሙ ከመግባቱ ወር ቀደም ብለህ ጀምር።

3. ቄራም ሆነ ሾላ ስትሄድ ላቱን ብቻ አይተህ አትግዛ። አፉን ክፈትና ከፊት መሐል ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣውን ምረጥ፤ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ከዚያ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ዝቅ አድርገው። ውስጡ ቀላ ካለ ደህና ነው፤ ከነጣ ደሙን ትል እየጨረሰው ሊሆን ይችላል። አገጩ ሥር ያበጠውን በርካሽም ቢሰጡህ እለፈው። መክሳቱ ግን አያስፈራህ፤ የሚያተርፍህ ጤነኛው ከሲታ ነው።

4. እንደገባ ሐኪም ይየው፤ የትል መድኃኒትና ክትባት ይስጠው። የበግ ፈንጣጣ ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል።

5. ድርቆሽ ሳይጎድል፣ ሁለት እጅ ፉርሽካ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅለህ ስጥ። በአንድ እፍኝ ጀምረህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምር። ጎረቤት አዝኖ የሚያመጣውን ሊጥና ዳቦ በአንዴ ካበላኸው ሆዱ ይነፋል፤ ሳይነጋ ሊሞትብህ ይችላል።

6. ከሁሉ አጥብቄ የምነግርህ የፌስታልን ነገር ነው። በከተማ የዋለ በግ ሲታረድ ጨጓራው ውስጥ ፌስታልና ገመድ ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ጠጥሮ ይገኛል። እንዲህ ያለው በግ ሆዱ የሞላ ይመስላል፤ ግን ፌስታሉ ለምግብ ቦታ ስለነሳው ብትቀልበውም አይሰባም። ሆዱ ካልተቀደደ በቀር አይወጣለትም፤ ለአንድ በግ ብሎ ያንን ማን ያስደርጋል? ስለዚህ ወደ ቆሻሻ ገንዳ አታስጠጋው። በተለይ በግንቦት ልደታ ማግስት ተጠንቀቅ፤ ደጅ ንፍሮ ተበልቶ ሲያበቃ የምግብ ሽታ ያለው ፌስታል መንገዱን ይሞላዋል። አሞሌ ጨው ጉረኖው ውስጥ አንጠልጥልለት፤ ጨው ያማረው በግ ያገኘውን ሁሉ ይልሳል።

7. ጉረኖው ደረቅ ይሁን፤ በየጠዋቱ ጥረግ። ሽታው ጎረቤትን ካስቀየመ ሥራህ ብዙ አይቆይም።

8. በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለጎረቤቶችህ ንገራቸው። ከግቢህ የገዛ ሰው ከደላላና ከመኪና ወጪ ይገላግልሃል።