የጉሮሮ ቁስልና የልጆቻችን ልብ



በዚህ ትምህርት ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ሕመም እናጠናለን። ብዙዎቻችን የልብ ሕመም የሀብታምና የሽማግሌ ብቻ ይመስለናል። እውነት ነው፤ የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ የአዋቂዎችን ልብ፣ አንጎልና ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ አዋቂ ሁሉ ግፊቱን ይለካ፤ ወጥ ላይ የሚጨመረውንም ጨው ይቀንስ። ነገር ግን እንደ አገራችን ባሉ ድኻ አገሮች የልጆችንና የወጣቶችን ልብ ከሚጎዱት ዋናው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻውም የጉሮሮ ቁስል ነው።

አጀማመሩ

ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በላስታ ደጋ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ልጆች ተጠጋግተው በአንድ ጋቢ ሥር ያድራሉ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ እንዲህ ባለ መጠጋጋት ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። የተያዘው ልጅ ያተኩሰዋል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ በአንገቱ ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ። ብዙ ጊዜ ሳልና ንፍጥ አይኖረውም።

ሕመሙ በጥቂት ቀናት ይለቀዋል፤ ቤተሰቡም ዳነ ብሎ ይረሳዋል። ነገር ግን ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ፣ ሰውነቱ ተሕዋሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውንና ልቡን ሊያጠቃ ይችላል። ይህ በአብዛኛው የሚደርሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን እየተፈራረቁ ያብጣሉ። መገጣጠሚያው ይሽራል፤ የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። በሩ በደንብ አልከፈት ወይም አልዘጋ ሲል ልብ ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ይሄዳል።

ምልክቶቹ

ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ መምታት፣ ጋደም ሲሉ መታፈን፣ የሌሊት ሳል፣ የእግር ማበጥ ናቸው። ከእኩዮቹ ጋር ዳገት ይወጣ የነበረ ልጅ ወደ ኋላ መቅረት ከጀመረ «ሰነፈ» ብለን አንቆጣው፤ እናስመርምረው። አንዳንድ ሴቶች ሕመማቸው የሚታወቀው በእርግዝና ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ለእናትም ለሕፃንም አደጋው ከባድ ነው።

መከላከያውና ሕክምናው

የጉሮሮ ቁስል በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ተሕዋሱን አይገድልም፤ ደም መፍሰስንና ሌላ ቁስለትን ያመጣል እንጂ።

በሽታው አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ እንዳይመለስበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ በጤና ባለሙያ ይወጋል። ልቡ ተጎድቶ ከቀረ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ይቀጥላል። ልቡ በጣም ለደከመ ወይም መርፌው ለማይስማማው ሰው ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል።

በሮቹ እጅግ ከተበላሹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀምሯል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን ብዙዎች ናቸው። ከላሊበላም መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ በቅርብ ጤና ጣቢያ የሚገኝ መርፌ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቡ።

የእኛ ድርሻ

መርፌው ያማል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልጁም ጤነኛ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ብዙዎች ያቋርጣሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ መድኃኒት የሚቋረጠው በሰው ቸልተኝነት ብቻ እንዳልሆነም አይተናል።

እኛ አማኞችም አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። «ጸልየንለታልና ድኗል» ብለን ልጅን ከመርፌው ብናስቀር በእምነት ስም እንጎዳዋለን። መጸለያችንን አንተው፤ የቀጠሮውንም ቀን አንተው። ጎረቤታችን ጠበል የሚሄድ ከሆነ ሳንነቅፈው መርፌውንም እንዳይተው በፍቅር እንምከረው። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አስሮ ብቻ አልሄደም፤ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፤ ለቀሪው ቀንም ከፈለለት።

ለውይይት (ሉቃስ 10፥25-37 ይነበብ)

1. በአጥቢያችን ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም መገጣጠሚያው ያበጠ ልጅ አለን?
2. የመርፌ ቀጠሮውን የሚያስታውሰው፣ አብሮት የሚሄደው ማን ነው?
3. በቤታችን የጉሮሮ ቁስል ሲነሳ መጀመሪያ የምንሄደው ወዴት ነው?

በጸሎታችሁ በጋቢ ሥር ተጠጋግተው የሚያድሩትን ልጆችና በእግር ተጉዘው የሚያክሟቸውን ሠራተኞች አስቡ። የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።