በከፊል ጥላ ስፍራ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው የአበባ መደብ ስለ መትከል

በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከግድግዳ አጠገብና ከዛፍ ሥር ያለው መሬት ጥላ ነው ተብሎ ያለ ሥራ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜም ፀሐይ የሚወድ አበባ በዚያ ይተከልና ቅጠሉ ገርጥቶ፥ ግንዱ ቀጥኖ፥ ሳያብብ ይደርቃል። ከዚህም የተነሣ ልጆች ውሃ በእንስራ እየተሸከሙ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከድካሙም ይልቅ የሚጎዳው፥ መሬቱ ክፉ ነው ብለው ከልጅነታቸው ጀምሮ ተስፋ መቁረጣቸው ነው። ነገር ግን ጥፋቱ ተክሉን ከስፍራው ጋራ ሳያስማሙ መትከል ነው እንጂ የመሬቱ አይደለም።

፩ኛ፤ ጥላውን ስለ መለካት

ከፊል ጥላ የሚባለው በቀን ውስጥ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ፀሐይ የሚያገኝ ስፍራ ነው። ይህን ለማወቅ በስፍራው ችካል ይተከል፤ ተማሪዎችም ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታው 11 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ እየተመለከቱ፥ ችካሉ በፀሐይ ወይም በጥላ መሆኑን ይጻፉ።

አንድ ቀን ብቻ መለካት ግን አይበቃም። በአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ድረስ ፀሐይ በቀትር ጊዜ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ከቤት በስተ ሰሜን ያለው መሬት በበጋ ጥላ ሲሆን በሰኔ የቀትር ፀሐይ ያገኛል። ከቤት በስተ ምሥራቅ ያለው ስፍራ ግን ዓመቱን ሁሉ የጧት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ስለሚያርፍ፥ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የተመቸ ነው።

፪ኛ፤ መደቡን ስለ ማዘጋጀት

መደቡ በግንቦት ይቆፈር። ቤቱ የጭቃ ቤት እንደ ሆነ፥ ግድግዳው ርሶ እንዳይፈርስ መደቡ ከግድግዳው ይራቅ፤ ደግሞም ከጣሪያው የሚወርደው ጠፈጠፍ ችግኙን እንዳይሰብረው ከጠፈጠፉ ወዲያ ይሁን። ወርዱ 1 ሜትር፥ ርዝመቱ 6 ሜትር፥ ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አፈሩ ከበሰበሰ ፍግና ከበሰበሰ ቅጠል ጋራ ይደባለቅ። ትኩስ ፍግ ግን ሥርን ስለሚያቃጥል አይጨመርም። መሬቱ መረሬ እንደ ሆነ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡ በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በዙሪያውም ቦይ ይውጣለት።

ከወይራ ወይም ከዋንዛ ሥር ሲቆፈር ወፍራሞቹ ሥሮች እንዳይቆረጡ መጠንቀቅ ይገባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ከገባው ከባሕር ዛፍ ሥር ግን አበባ መትከል አይጠቅምም፤ ሥሩ ውሃውን ይሻማል፥ የረገፈው ቅጠሉም ሌላውን ቡቃያ ይከለክላል።

፫ኛ፤ ተክሎቹን ስለ መምረጥ

ከኋላ እንሶስላ ይተከል። እንሶስላ የደጋ ጥላና እርጥበት የሚወድ፥ ከ1 ሜትር በላይ የሚያድግ፥ ውስጡ በቀይ የተነከረ ነጭ አበባ ያለው ነው፤ ሴቶች እጃቸውንና እግራቸውን የሚያቀሉት በሥሩ ነው። ከመካከል ቢጫና ብርቱካን መሳይ አበባው በዘንግ ላይ የሚቆም አሽንዳ ይተከል። ከአሽንዳ ወገን በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ በተፈጥሮ የሚገኝ አለ። አሽንዳ ከሌሎቹ ይልቅ ብርሃን ስለሚሻ፥ ፀሐይ ከ4 ሰዓት በሚያንስበት ወገን በእርሱ ፈንታ ካላ የተባለው ነጭ አበባ ይግባ። ካላ እርጥበት ይወዳል፤ ነገር ግን ቅጠሉና ሥሩ አፍን የሚለበልብ መርዝ ስላለው ሕፃናት እንዳይቀምሱት ይነገራቸው። ከፊት ደግሞ ኢምፓሸንስ የተባለው፥ የእንሶስላ ወገን የሆነው አጭር አበባ ይተከል፤ አገሩ ምሥራቅ አፍሪካ ነው፥ ቀለሙም ቀይ፥ ሐምራዊና ነጭ ነው። አደይ አበባ ግን ፀሐይ ወዳድ ስለሆነ ብርሃን በሚበዛበት ጫፍ ብቻ ይዘራ።

ስለ ቀለም ማወቅ የሚገባው ይህ ነው። ጥቁር ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም በጥላ ውስጥ ከሩቅ አይታይም፤ ነጭና ቢጫ ግን ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ነጩ ወደ ጨለማው፥ ጥቁር ቀዩ ወደ ብርሃኑ ይሁን።

፬ኛ፤ ስለ መትከልና ስለ መጠበቅ

ዝናብ ሲጸና፥ በሰኔ መጨረሻ፥ ይተከላል። በእንሶስላ መካከል 60፥ በአሽንዳ መካከል 50፥ በኢምፓሸንስ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ይተው። ከየጫፉ የዚህ እኩሌታ ከተተወ፥ በ6 ሜትር መደብ 10 እንሶስላ፥ 12 አሽንዳና 24 ኢምፓሸንስ ይገባል፤ ድምሩ 46 ነው።

ከዱር ሲወሰድ ከብዙው ጥቂቱ ብቻ ይወሰድ፤ ሁሉ ከተነቀለ ለሚመጣው ዓመት ዘር አይቀርምና።

ዝናብ ሲያቆም መደቡ በደረቅ ሣር ይሸፈን። ጥላ ውሃን ቶሎ ስለማያደርቅ ከፀሐይ መደብ ያነሰ ውሃ ይበቃዋል። ስለዚህ ውሃ ከሩቅ ለሚቀዱ ልጆች ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው። ሳሙና የሌለበት የእጅ መታጠቢያ ውሃም ሳይደፋ ለመደቡ ይዋል። በበጋ የእንሶስላ ቅጠል ቢደርቅ ሞተ ተብሎ አይነቀል፤ ሥሩ በምድር ውስጥ ተኝቶ ክረምትን ይጠብቃልና ስፍራው በችካል ይመልከት። ኢምፓሸንስ ግን ውርጭ ስለማይችል፥ በብርድ አገር በጥቅምት ቁራጩ በጣሳ ተተክሎ በቤት ውስጥ ይሰንብት።

ጥያቄ

1. ከቤት በስተ ሰሜን ያለው መሬት በታኅሣሥና በሰኔ አንድ ዓይነት ፀሐይ የማያገኘው ስለ ምን ነው?
2. የመደቡ ርዝመት 9 ሜትር ቢሆን ከየዓይነቱ ስንት ተክል ይገባል?
3. በግቢያችሁ ያለ ሥራ የቀረ የጥላ ስፍራ የቱ ነው? በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል? ለክታችሁ ጻፉ።