ወፍ ማየት በአብያታ ሐይቅ

በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ። ቆቅና ጅግራን፣ ጭልፊትና ቁራን የማያውቅ ገበሬ የለም። ጭልፊት ጫጩት ይነጥቃል፤ ጅግራ የተዘራ እህል ይጭራል። ስለዚህ ወፍን የምናየው ብዙ ጊዜ ለማባረር ነው። ለማየት ብቻ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ሥራ ፈት እንዳይባል ይፈራ ይሆናል። ነገር ግን ወፍን አስተውሎ የሚያይ ሰው ስለ ውኃውም ስለ መሬቱም ብዙ ያውቃል። እንዴት?

የአብያታን ሐይቅ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን በስተቀኝ እናገኘዋለን። ጎረቤቱ ሻላ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል። አብያታ ግን ጥልቀት የለውም። ውኃ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም።

በጥር ወር አራት ጓደኛሞች ሆነን ወደዚያ ሄድን። ጥር ለዚህ ሥራ ጥሩ ወር ነው። በአውሮፓ ብርዱ ሲበረታ ብዙ ወፎች ወደ እኛ አገር ይመጣሉና። ሁለታችን ካሜራ፣ አንዱ መነጽር፣ አንዱ ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይዘን ነበር። አንድ አዛውንት የፓርክ ጠባቂ መንገድ መሩን። ከሐይቁ ዳር ያለው መሬት ደረቅ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ መኪና ይውጣል። ስለዚህ በእግራችን ሄድን። ረጅም መንገድ ነው። ያ የረገጥነው ነጭ ሜዳ ሁሉ ቀድሞ ውኃ ነበር።

ከዳር ስንደርስ ፍላሚንጎዎቹ ሐምራዊ ምንጣፍ መስለው ታዩን። ፍላሚንጎ ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያለው ወፍ ነው። ሲበላ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ መንቆሩን ውኃ ውስጥ ይነክራል። ውኃውን እንደ ወንፊት ያጣራና በዓይን የማይለዩትን ጥቃቅን ነገሮች ያስቀራል። መልኩን የሚያቀላውም ይኸው ምግቡ ነው።

አንዱ ጓደኛችን ሲበሩ ፎቶ ላንሳ ብሎ ድንጋይ አነሳ።

«ተው ልጄ!» አሉት ጠባቂው። «ቁርሱን የሚበላ ሰው ላይ ድንጋይ ትወረውራለህ?»

እውነታቸውን ነው። ፍላሚንጎ ለመነሳት መጀመሪያ በውኃው ላይ መሮጥ አለበት። ይህ ጉልበት ይጨርሳል። በየጊዜው የሚያስነሳው ሰው ካለ የበላው ለበረራ ያልቃል። ጓደኛችን ድንጋዩን ጥሎ ተቀመጠ። ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ዝም ብሎ ጠበቀ። አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ወፎቹ እየበሉ በራሳቸው ጊዜ ቀረቡት። የዚያን ዕለት ካነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ እነዚያ በለጡ። ካሜራው ውድ መሆኑ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ መቀመጥ የማይችል ሰው የሚያነሳው የወፍ ጀርባ ነው።

እኔ ግን የጓጓሁት ለፔሊካን ነበር። ፔሊካን ትልቅ ነጭ ወፍ ነው። ከመንቆሩ ሥር እንደ አቁማዳ ያለ ቆዳ ተንጠልጥሎበታል፤ ዓሣ የሚጨልፈው በእርሱ ነው። ከባድ ስለሆነ ጧት በብርዱ አይነሳም። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ሞቃት አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ ክንፉን ዘርግቶ በዚያ አየር እየተሽከረከረ ይወጣል። ቀድሞ በሻላ ደሴት ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ፔሊካኖች ጫጩት ይፈለፍሉ ነበር። በሻላ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለ በመካከል ያለውን ኮረብታ ተሻግረው አብያታ ላይ ያጠምዱ ነበር። ቤታቸው ሻላ፣ ጓዳቸው አብያታ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ጓዳው ምን ነካው? ወደ አብያታ የሚገባው ውኃ በአብዛኛው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚመጣ ነው። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ ብዙ ውኃ ይጠለፋል። ከአብያታም ከራሱ ሶዳ ለማውጣት ውኃ ሲሳብ ኖሯል። መስኖ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የምንበላው ከዚያው ነው። ነገር ግን የሚገባው ሲያንስ ፀሐይ የምታተነው አልቀነሰም። ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዉ በረታ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በዚያ ውኃ ውስጥ መኖር አቃተው። ፍላሚንጎ ዓሣ ስለማይሻ ቀረ። ፔሊካን ግን ምን ሊያደርግ?

ደብተር የያዘው ጓደኛችን ያየውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወፉን ዓይነትና ቁጥር፣ ምን ሲያደርግ እንደነበረም። የወፉን ስም ባያውቅ መልኩን ይጽፋል፤ «እግረ ቢጫ፣ ከዶሮ የሚያንስ» ብሎ። ይህን ለማድረግ ካሜራም መነጽርም አያስፈልግም። በየመንደሩ ወንዝ ዳር በየዓመቱ በዚያው ወር ቢጻፍ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የትኛው ወፍ እንደጨመረ፣ የትኛው እንደጠፋ ያሳያል። ጠባቂው ድሮ ያዩትን ይነግሩን ነበር፤ ግን ስንት እንደነበሩ የጻፈላቸው አልነበረም።

ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ሰማዩን አሳዩን። በደብተሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

«ፔሊካን 11። ከሻላ በኩል መጡ። በአብያታ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሩ። አልወረዱም። ወደ ዝዋይ አለፉ።»