ዕቅድ ለምትጽፊ ልጄ

ልጄ፣ አዳማ ተቀምጠሽ ለምሥራቅ ሸዋ ከተሞች ዕቅድ ልታወጪ መመደብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልበ ቅን ነሽ፤ ግን ትቸኩያለሽ። የዐሥር ዓመቱን ዕቅድ ከመጀመርሽ በፊት ይህችን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

1. ያወቅሽውንና ያወቅሽ የመሰለሽን ለይተሽ ጻፊ። ዕቅድ ሲፈርስ ያየሁት በሒሳብ ስሕተት እምብዛም አይደለም፤ ሁሉም እውነት ነው ብሎ ያለፈው፣ ማንም ያልጠየቀው ነገር ከሥር ሲከዳ ነው። የመተሐራውን በሰቃ ሐይቅ ተመልከቺ። በ1950ዎቹ ስፋቱ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ባቡሩም የጅቡቲው መንገድም በአጠገቡ ያልፋሉ፤ ሐይቅ ባለበት ይቆያል ተብሎ ታምኗልና። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ሰምተሻል፤ በሰቃ እንደዚያ ነው። በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየተስፋፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ጨዋማው ውሃ ግጦሽ ዋጠ፣ ሰው አፈናቀለ፣ መንገዱንና ሐዲዱን አስቸገረ። ምክንያቱ የመስኖ ትርፍ ውሃ ነው የሚሉ አሉ፣ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ውሃው አልጠበቀም።

2. አቤቱታ አለመምጣቱን የደኅንነት ማስረጃ አታድርጊ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በእርሻው መንደሮች ሠራተኛው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ለዓይን ጥርት ያለ ነበር። ውስጡ ያለው ፍሎራይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይብለጥ ይላል፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ እጅግ የሚያልፍ ጉድጓድ ብዙ ነው። መጀመሪያ የልጆች ጥርስ በለዘ። ለብዙ ዓመታት የጠጡት ሠራተኞች ደግሞ ጀርባቸው ደርቆ ማጎንበስ እንኳ አቃታቸው። የአምስት ዓመት ዕቅድ ዐሥር ዓመት ቆይቶ የሚመጣ በሽታ አያይም። ስለዚህ ሳይለካ «ደኅና ነው» የሚል ቃል ከብዕርሽ አይውጣ።

3. «ባዶ መሬት» የሚል ካርታ ሲሰጡሽ፣ ባዶ የሆነው በየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቂ። ይህን ከሁሉ አጥብቄ እነግርሻለሁ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም በወንዙ ዳር ሰፋፊ እርሻ ለማልማት ታስቦ ነበር። ያ ዳርቻ ግን የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብት የበጋ መዳኛ ነበር። በክረምት ከብቱ ርቆ ይሰማራል፤ በበጋ ወደ አዋሽ ይመለሳል። በመተሐራው የሸንኮራ እርሻና በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መካከል የከረዩ ግጦሽ ጠበበ፤ የድርቅ ዓመት ሲመጣ መሸሻ ታጣ። ከረዩ የሚያውቀው አገር በጽሑፍ ስላልነበረ እንደሌለ ተቆጠረ። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። እረኛውን ጠይቂ፤ የነገረሽንም እንደ መሐንዲሱ ቃል አመሳክሪው እንጂ ለትሕትና ያህል ሰምተሽ አትለፊው።

4. ላይኛውን ሳታዪ ለታችኛው አታቅጂ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውን ቆቃ ግድብ ደለል የሚሞላው ከደጋ የሚታጠበው አፈር ነው። የአብያታ ሐይቅም የሸሸው የራሱ ሶዳ አሽ ስለተመረተበት ብቻ አይደለም፤ ከደምበል ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ ይደርሰው የነበረው ውሃም ከላይ ለመስኖ ስለሚጠለፍ ነው።

5. ስትዛወሪ ቁልፍና ማኅተም ብቻ አታስረክቢ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይለወጣል፤ ተረካቢው ግን አስቀድሞ በየእርከኑ ሲማር የቆየ ነው፤ ዕውቀቱ ከሰውዬው ጋር አይሄድም። በእኛ ቢሮዎች ባለሙያ ሲነሣ ጥናቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ ተተኪውም ከዜሮ ይጀምራል። በዕቅድሽ መጨረሻ አንድ ገጽ ጨምሪ፦ ምን ገመትኩ፣ ለምን ገመትኩ፣ ምን ቢለወጥ ዕቅዱ ይከለስ። የበሰቃን ስፋት በየዓመቱ፣ የጉድጓዶቹን ፍሎራይድ በየወቅቱ መዝግቢ፤ ቀኑና የለካው ሰው ስም አይቅር። እንዲህ ያለ መዝገብ በቢሮሽ መኖሩን ሰኞ ጠዋት ጠይቂ፤ ከሌለ በዚያው ዕለት ክፈቺ።