«ኦርጅናል ነው ወይስ የቻይና?»፦ የመቀሳችን አገርና ጥራት

አገር ቤት ዕቃ ሲገዛ «ኦርጅናል ነው ወይስ የቻይና?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ቀድሞ ይመጣል። ውጭ ያደግነውም ከወላጆቻችን ወርሰነዋል። ፒንሳም ይሁን ካቻቢቴ፣ መዶሻም ይሁን የወጥ ቤት ቢላ፣ መጀመሪያ ተገልብጦ የሚታየው የተሠራበት አገር ነው። እኛ የነርሲንግ ተማሪዎችም ከዚህ አናመልጥም። ለልምምድ የፋሻ መቀስና አርተሪ ፎርሴፕስ ስንፈልግ አንዱ በጥቂት ዶላር፣ ሌላው በአሥር እጥፍ ዋጋ ይሸጣል። በፎቶ ሲታዩ አንድ ናቸው። ርካሹ ላይ ብዙ ጊዜ «ፓኪስታን»፣ ውዱ ላይ «ጀርመን» የሚል ተቀርጾበታል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የአገር ስም ብቻውን ጥራትን አይነግረንም። ጥራት የሚመጣው ከብረቱ ዓይነት፣ ከሙቀት ሥራው፣ ከእጅ ሥራውና ከመጨረሻው ፍተሻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹን ራሳችን ማየት እንችላለን። የዓመት ቁጥሮቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአገር ስም ይወጣል፣ ይወርዳል

ዛሬ «የጀርመን ሥራ» ማለት ምስጋና ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1876 በፊላደልፊያ ከተማ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የተገኘው ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍራንዝ ሮሎ የገዛ አገሩን ዕቃዎች «ርካሽና መጥፎ» ብሎ ነቀፋቸው። በዚያው ዘመን ዞሊንገን በተባለችው የጀርመን ከተማ ከሚሠሩ ቢላዎችና መቀሶች አንዳንዶቹ የእንግሊዟ ሼፊልድ ስም እየታተመባቸው ይሸጡ ነበር። ብሪታንያም በ1887 ሕግ አወጣች። የእንግሊዝ ሥራ የሚያስመስል ስም ይዞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር በግልጽ እንዲያሳይ ተገደደ። «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ የተስፋፋው ገዢን ለማስጠንቀቅ ነበር። የጀርመን አምራቾች ሥራቸውን ሲያሻሽሉ ግን ያው ማስጠንቀቂያ ወደ መኩሪያነት ተለወጠ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ርካሽ ዕቃ ሲባል የሚነሳው ስም የጃፓን ነበር፤ ቀጥሎ የታይዋን። ዛሬ ታይዋን ውስጥ በታይቹንግ አካባቢ የሚሠሩ የመካኒክ ቁልፎች በብዙ ጋራዦች የተከበሩ ናቸው።

በተቃራኒው መንገድ የሄደም አለ። ሲርስ የተባለው የአሜሪካ መደብር በ1927 የጀመረው ክራፍትስማን የተሰኘው የመሣሪያ ስም ለረጅም ጊዜ የአሜሪካ ሥራ ምልክት ነበር። ውሎ አድሮ አብዛኛው ምርት ወደ ታይዋንና ቻይና ተዛወረ። በ2017 ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ስሙን ገዛ፤ በ2019 ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ላይ አዲስ ፋብሪካ እንደሚከፍት አስታወቀ፤ በ2023 ፋብሪካው እንደሚዘጋ ተነገረ። ስሙ አልተለወጠም፤ ከስሙ ጀርባ ያለው እጅ ግን ተለዋወጠ።

ማኅተሙ የሚናገረውና የማይናገረው

«የተሠራው እዚህ ነው» የሚለው ማኅተም የሕግ ቃል እንጂ የጥራት ውጤት አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን በ1992 በአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት የተወሰነ ጉዳይ አለ። ናሽናል ሀንድ ቱል የተባለው ኩባንያ ታይዋን ውስጥ ቅርጻቸው የወጣ የመካኒክ መሣሪያ ክፍሎችን አስገብቶ አሜሪካ ውስጥ በሙቀት ያጠነክራቸው፣ በብረት ይለብጣቸውና ይገጣጥማቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ የዕቃዎቹ ስም፣ ባሕርይና አገልግሎት አልተለወጠም በማለት የታይዋን ምልክት ሊኖራቸው እንደሚገባ ወሰነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። መሣሪያ ጠንካራ ወይም ተሰባሪ የሚሆንበት ወሳኝ ደረጃ የሙቀት ሥራው ነው። ያ ሥራ የተሠራው አሜሪካ ሆኖ ማኅተሙ ግን «ታይዋን» ይላል። ሕጉ የሚጠይቀው ዕቃው አዲስ ነገር የሆነው የት እንደሆነ ነው፤ ይቆርጣል ወይ፣ ይዝጋል ወይ ብሎ አይጠይቅም። «በአሜሪካ የተሠራ» ብሎ ያለ ምንም ማብራሪያ ለመጻፍ ደግሞ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል በሙሉ የአሜሪካ መሆን አለበት። ይህን መለኪያ የያዘው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ በነሐሴ 2021 ሥራ ላይ ውሏል።

ቱትሊንገንና ሲያልኮት

ወደ እኛ ሙያ እንመለስ። ደቡብ ጀርመን ያለችው ትንሿ ቱትሊንገን በሕክምና መሣሪያ ትታወቃለች፤ ከስመ ጥር ድርጅቶቿ አንዱ አስኩላፕ የተመሠረተው በ1867 ነው። ሌላዋ ከተማ በፓኪስታን ፑንጃብ የምትገኘው ሲያልኮት ናት። የእግር ኳስ ተጫዋቾች በኳሷ ያውቋታል። የሕክምና መሣሪያ ሥራዋ የተነሳው በቅኝ ግዛት ዘመን ነው፤ በአካባቢው የነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል መሣሪያዎቹን የከተማዋ ብረት ቀጥቃጮች እንዲጠግኑለት ያደርግ ነበር። ጠጋኞቹ ቀስ በቀስ ሠሪዎች ሆኑ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለተባባሪዎቹ ጦር ያቀርቡ ነበር።

ሁለቱ ከተሞች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ የተያያዙ ናቸው። ቅርጹ ሲያልኮት ወጥቶ ማጠናቀቂያው ቱትሊንገን የሚሠራ መሣሪያ አለ። ሲያልኮት ውስጥ አንድ መቀስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው በሞረድ ያስተካክላል፣ ሌላው በሙቀት ያጠነክራል፣ ሌላው ይወለውላል። ብዙዎቹ ትናንሽ ሱቆች ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ከተማ እጅግ ጥሩም እጅግ መናኛም ይወጣል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ገዢው ምን ያህል እንደከፈለና ማን እንደፈተሸ ነው።

በ1994 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በአመራረት ጥራት ጉድለት ምክንያት ከፓኪስታን የሚገቡ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን ገደበ። የከተማዋ አምራቾች ማኅበርና መንግሥት ባለሙያ አስመጥተው የጥራት አሠራር አስተማሩ፤ ብዙ ድርጅቶችም መስፈርቱን አሟልተው ወደ ገበያው ተመለሱ። ሠራተኞቹ ያው የሲያልኮት ሰዎች ናቸው፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ዋጋው ዝቅ ሲል ግን ሌላም ነገር አብሮ ይወርዳል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሕፃናት ጉልበት ይገባባቸዋል ብሎ በሚያወጣው የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የፓኪስታን የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ይገኛል። ርካሹን መቀስ ስንገዛ የቀረልንን ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሊኖር እንደሚችል አንርሳ።

ብረቱን እንወቀው

የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከተጎዳ «ስቴንለስ» የተባለውም ይዝጋል።

ለእኛ የሚያስፈልጉን ሁለት ዓይነት ናቸው። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፤ ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፣ ነገር ግን በሙቀት አይጠነክርም። ለሳህንና ለትሪ ይሆናል። 420 የሚባለው ከ12 እስከ 14 በመቶ ክሮሚየምና ከፍ ያለ ካርቦን አለው፤ አግለው በፍጥነት ሲያቀዘቅዙት ይጠነክራል፣ ስለት ይይዛል። መቀስና ፎርሴፕስ በብዛት የሚሠሩት ከዚህ ነው።

«ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም» የሚለው አባባል ለመቀስ የማይሠራው ለዚህ ነው። 420 ማግኔት ይይዘዋል። እንዲያውም የመቀስ ስለት ማግኔት ጨርሶ ካልያዘው፣ በሙቀት የማይጠነክር ለስላሳ ብረት ሊሆን ስለሚችል መጠርጠር ያለብን ያኔ ነው።

በእጃችን የምናደርገው ፍተሻ

በአሜሪካ ተራ የእጅ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ በሕጉ የመጀመሪያው፣ ማለትም ዝቅተኛ አደጋ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። አብዛኛው ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ኤፍዲኤ አንድ በአንድ አይመረምረውም። ስለዚህ የተጠቃሚው ዓይን ዋጋ አለው። ጠርዙ የሸከረ መሣሪያ ጓንት ይቀዳል፤ የሚንሸራተት አርተሪ የያዘውን ደም ሥር ይለቃል፤ የዛገ ጉድጓድ ደም ይዞ ስለሚቀር ማጽዳቱ አስተማማኝ አይሆንም።

1. መቀስ፦ ስስ ጨርቅ ወይም ጎዝ እስከ ጫፉ ድረስ ቁረጡበት። ጨርቁን ሳያኝክና ሳይጎትት መቁረጥ አለበት። ሲከፈትና ሲዘጋ እኩል ይሂድ፤ ማያያዣው ብሎን አይወዛወዝ።

2. አርተሪ ፎርሴፕስ፦ በመጀመሪያው ጥርስ ሲቆለፍ ጫፎቹ ይገናኙ። ሙሉ በሙሉ ሲቆለፍ መንጋጋው በሙሉ ይገጥም፤ ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። ከዚያ በመጀመሪያው ጥርስ ቆልፋችሁ የመቆለፊያውን ጎን ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ራሱ ከተከፈተ አትጠቀሙበት።

3. ገጽታ፦ ጓንት አድርጋችሁ ጥጥ በጠርዙ ላይ አስኪዱ። ጥጡ ከተያዘ ያልለሰለሰ ቦታ አለ።

4. ቡናማ ነጥብ፦ በእርሳስ ላጲስ እሹት። ለቆ ከሥሩ ብረቱ ለስላሳ ከሆነ እድፍ ነው። ጉድጓድ ከቀረ ዝገት ነው፤ መሣሪያው ከሥራ ይውጣ።

5. ጽሑፍ፦ የአምራቹ ስምና የሎት ቁጥር መኖሩን እዩ። የአገር ስም ብቻ ያለበትና ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ችግር ቢመጣ የሚጠየቅለት የለም። ወርቃማ ቀለበት ያለው እጀታ ብዙውን ጊዜ መንጋጋው ወይም ስለቱ ላይ ተንግስተን ካርባይድ እንዳለ ያመለክታል፤ ቀለሙን ግን ማንም መቀባት ስለሚችል በዚያ ብቻ አትመኑ።

ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችን በፊት

ይህ ሁሉ በተለይ የሚያስፈልገን ወደ አገር ቤት ስንልክ ነው። እዚህ ቁስል ሲታሸግ ወይም ስፌት ሲወጣ ከእሽጉ የሚመጡት ትናንሽ መቀሶችና ፎርሴፕሶች አንድ ጊዜ ተሠርቶባቸው ይጣላሉ። «ይህ ሁሉ ብረት ከሚጣል ለአንድ ጤና ጣቢያ ቢደርስ» ብሎ ያላሰበ ሐበሻ ነርስ ጥቂት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መሣሪያው ግን ለዚያ አልተሠራም። እሽጉን እዩት። በክብ ውስጥ ያለ የ2 ቁጥር በሰረዝ ተሰርዞ ከታየ «ዳግም አትጠቀሙ» ማለት ነው። ለአንድ ቀን የታሰበ ብረት በርካሽ ማጠናቀቂያ ስለሚሠራ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ የኦቶክሌቭ እንፋሎት ሲደጋገምበት ሊዝግና ስለቱን ሊያጣ ይችላል።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። መሣሪያን 0.5 በመቶ ክሎሪን ባለው የበረኪና ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየ ትምህርት ነው። ክሎሪን ያንን ስስ የክሮሚየም ሽፋን ይጎዳል። ተዘፍዝፎ ካደረ ወይም ሳይታጠብ ከቀረ ውዱም የጀርመን መቀስ ጉድጓድ ያወጣል። ደምም ሆነ ጨው ያለበት ውኃ ብረቱ ላይ ደርቆ እንዳይቀር ቶሎ መታጠብ፣ መጋጠሚያው ተከፍቶ መጽዳትና መድረቅ አለበት።

ስለዚህ ማኅበራችን ወይም ማናችንም ብንሆን መሣሪያ ለመላክ ስናስብ ሃምሳ የሚጣል መቀስ ከምንሰበስብ፣ አምራቹ የታወቀ፣ ተደጋግሞ እንዲሠራበት የተሠራ አምስት መቀስ ብንገዛ ይሻላል። አስቀድመን ጤና ጣቢያው የሚፈልገውን እንጠይቅ፤ በምን እንደሚያጸዱና ኦቶክሌቭ እንዳላቸውም እንወቅ። የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በመሆኑ ለልገሳ የሚጠይቀውን ፈቃድም ቀድመን እናጣራ።

«ኦርጅናል ነው ወይስ የቻይና?» ብለን መጠየቅ አንተው ይሆናል። ከእሱ ቀጥሎ ግን ሌሎቹን ጥያቄዎች እናስከትል፦ ብረቱ ምንድን ነው? ማን ፈተሸው? ስንት ጊዜ እንዲሠራበት ታስቦ ተሠራ? ይህን መሣሪያ የሚነካው በሽተኛ መርጦ አልገዛውም፤ የመረጥንለት እኛ ነን።