ለምን እንደሚጠጣ ጠይቂው

(ጊዳ አያና፤ የገበያ ማግስት። ጡረታ የወጡ የጤና ረዳትና የሠፈራቸው ወጣት መምህርት ቡና ላይ ናቸው።)

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ የታላቅ ወንድሜ ነገር አስጨንቆኛል። ከስደቱ ከተመለስን ወዲህ ውሎው አረቄ ቤት ሆኗል። ለመሆኑ ስንት መለኪያ ነው «በዛ» የሚባለው?

ጋሼ፦ መለኪያውን ኋላ እንቆጥራለን። መቼ ነው የሚጠጣው? ከማን ጋር?

መምህርቷ፦ ብቻውን። ማለዳ፣ ቡና ሳይፈላ ይጀምራል።

ጋሼ፦ እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ዳዶ ወጥተን፣ በየተራ አንዳችን የሌላችንን በቆሎ ስናርም ፋርሶ (ጠላ) ይዞርልን ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ መጠጡም ያልቃል። ደረቅ አረቄ ደግሞ ፋርሶ አይደለችም፤ ከመቶው አርባ ገደማው አልኮል ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ቢጠጡ እንኳ፣ ለጨዋታ ከሚጠጣው ይልቅ ጭንቀቱን ለማስታገሥ የሚጠጣው ነው ቶሎ የሚጠመደው።

መምህርቷ፦ እሱ ግን «እንቅልፍ የሚወስደኝ በእሷ ነው» ይላል።

ጋሼ፦ አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የነገረሽ። አልኮል አእምሮን የሚያረጋጋውን ኬሚካል ያግዛል፤ ስለዚህ ቶሎ ያስተኛል። አካል ግን ዝም አይልም፤ ሚዛኑን ሊመልስ የሚያነቃውን ወገን ያበረታል። አረቄው ከደም ሲወጣ ያ ንቃት ብቻውን ይቀራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቡ እየመታ፣ ላብ አጥምቆት አይነሣም?

መምህርቷ፦ ይነሣል! የተቃጠለው ቤታችን እየታየው ይባንናል።

ጋሼ፦ አየሽ፣ የጠዋቱን ጭንቀት አረቄዋ ራሷ አባብሳዋለች። እሱ ደግሞ ያንኑ ለማብረድ ይደግማታል።

መምህርቷ፦ እኔም እኮ ተፈናቅያለሁ፤ ያየውን አይቻለሁ። ለምን እኔን አልያዘኝም?

ጋሼ፦ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከዚህ ወረዳና ከጎረቤቱ ኪረሙ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል፤ አብዛኛው መጠጥ ውስጥ አልገባም። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሉት፣ ሰው መከራ ሲገጥመው ወይ ችግሩን ራሱን ይይዛል፣ ወይ ችግሩ ያመጣበትን ስሜት ያስታምማል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንቺ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስሽ፣ ደመወዝሽ ቀጠለ፤ ሲከፋሽም ከሴቶቹ ጋር አለቀስሽ። እሱስ? በሬዎቹ የሉም፣ የሰሊጥ ማሳው ጦም አድሯል፣ «ወንድ አያለቅስም» ተብሏል። መሸሽ ብቻ ቀረው። ስንፍና ብለሽ አትስደቢው።

መምህርቷ፦ በሬ መግዣ እኮ የለንም።

ጋሼ፦ በሬ ባይኖር ዳዶ አለ። ማሳው ከታረሰ አንዱ ጭንቀት ቀለለ። የአባታችሁ ሐዘን ግን በእርሻ አይወጣም። ሲሞቱ ለቅሶ ሳትቀመጡ ነው የሸሻችሁት። ዛሬም ቢሆን አልመሸም፤ ዕድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ሰው ይመጣል፣ እሱም የሆዱን ያወጣል።

መምህርቷ፦ መንግሥትስ? መጠጥ ላይ ሕግ አውጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ይከለክላል። ደግ ነው። አረቄ ግን ድሮስ መቼ በማስታወቂያ ተሸጠች!

መምህርቷ፦ እንግዲያው ዛሬውኑ ላስተወው?

ጋሼ፦ ተይ! ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል?

መምህርቷ፦ አንድ መለኪያ እስኪቀምስ ስኒ እንኳ አይዝም።

ጋሼ፦ እንደዚህ የሆነ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ገደማ ደግሞ የሌለ ነገር ይታየዋል፣ የት እንዳለም ይጠፋዋል። በዚህ የሚሞትም አለ። ማቆም ያለበት በሐኪም እጅ፣ በመድኃኒት እየታገዘ ነው፤ ቫይታሚን ቢ አንድም ያስፈልገዋል። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነበት ነቀምቴ ሆስፒታል ይልከዋል። ሰኞ በጠዋት መጥቼ አብረን እንወስደዋለን። እስከዚያ አትቆጪው፤ አረቄውንም አትደብቂበት።